ማድረቂያው ሲቀዘቅዝ

አክስቴ ከቤቷ ያባረረችን በክረምት ነው። ይህን ታሪክ ለብዙ ሰው አውርቼዋለሁ፤ ባወራሁት ቁጥር አክስቴ ትንሽ ትንሽ እየከፋች ሄዳ በመጨረሻ ቀንድ ለማብቀል ምንም አልቀራትም ነበር። በኋላ አድጌ የራሴን ልብስ ማጠቢያ ቤት ከከፈትኩ፣ ሙቀት ያጣ ማድረቂያም በገዛ እጄ ፈትቼ ካየሁ ወዲህ ታሪኩን ገለበጥኩት። ቀንዷን ነቅዬ ክንፍ ሰጠኋት። ሁለቱንም ጊዜ ተሳስቻለሁ።

ያን ጊዜ ሰባት ዓመቴ ነበር። አባቴ ከሞተ ወዲህ እናቴና እኔ የምንኖረው በታላቅ እህቱ ግቢ፣ ከማጠቢያው ክፍል ጋር ግድግዳ በምትጋራ አንዲት ጠባብ ቤት ውስጥ ነው። አክስቴ ከአንድ እንግዳ ማረፊያ አንሶላና ፎጣ እየተቀበለች አጥባ፣ አድርቃና ተኩሳ ትመልስ ነበር። አጥባ የምለው ለወጉ ያህል ነው። የምታጥበውም፣ የምታደርቀውም፣ የምትተኩሰውም እናቴ ነበረች። አክስቴ ትቆጥራለች፣ ታደርሳለች፣ ትሳደባለች። ለእናቴ በደመወዝ ፈንታ የሚሰጣት ከራሳችን በላይ ያለው ቆርቆሮ ነው፤ ሥራው የቆመ ቀን ቆርቆሮውም እንደሚቀርብን ሳይነገረን የሚመሽ ቀን አልነበረም።

አክስቴ እናቴን በስሟ ጠርታት አታውቅም። ደህና የዋለች ቀን «የወንድሜ ሚስት» ትላታለች፤ የከፋት ቀን «ይህቺ»። ደህና የምትውልበት ቀን ደግሞ ጥቂት ነበር።

«ይህቺ ናት ወንድሜን የቀበረችው» ትላለች፣ ፎጣ እየቆጠረች፣ ለማንም ሳይሆን ለፎጣው። «አሁን ደግሞ ማሽኔን ልትቀብር ነው።»

እናቴ አትመልስም። ካውያውን አንሶላው ላይ ትጫነዋለች፤ እንፋሎቱ «ሽሽሽ» ይላል። መልሷ እሱ ይመስለኝ ነበር።

የማጠቢያው ክፍል ወለሉ ሲሚንቶ ነው፤ መሐሉ ላይ ውኃ የሚወርድበት ቀዳዳ አለው። አንዲት መስኮት አለች፤ ሁልጊዜ ላብ እንዳጠመቃት ናት። በአንድ በኩል ማጠቢያው፣ በሌላ በኩል ማድረቂያው ቆመዋል። ማድረቂያው ያገለገለ፣ ትልቅ፣ ፊቱ ወደ ቢጫ ያደላ፣ ክብ የመስተዋት በር ያለው ነበር። ከፊቱ ቁጭ ብዬ ፎጣዎቹ ከበሮው ውስጥ ሲወጡና ሲወድቁ ማየት እወድ ነበር። ሲሠራ ክፍሉ ሁሉ ትኩስ ጨርቅ ትኩስ ጨርቅ ይሸታል። የዚያ ቤት ደግ ነገር ያ ሽታ ብቻ ነበር ብል አላጋነንኩም።

ዝናቡ ሌት ተቀን መውረድ በጀመረበት ሰሞን ማድረቂያው ታመመ። ከበሮው ይዞራል፣ ድምፁም እንደወትሮው ነው፣ ሙቀት ግን የለም። እናቴ በሩን ስትከፍተው ፎጣዎቹ እንደ ውሻ አፍንጫ ቀዝቃዛና እርጥብ ሆነው ወጡ። እጇን ከበሮው ውስጥ እንደከተተች ለጥቂት ጊዜ ቆመች። በውጪ ገመድ ላይ ማስጣት የማይሞከር ነው፤ ማድረቂያው ካልሠራ እንግዳ ማረፊያው ሥራውን ለሌላ ይሰጣል፣ ሥራው ከሄደ እኛም እንሄዳለን። ይህን እኔም ጭምር አውቅ ነበር።

«ለመሐንዲሱ ይነገረው» አለች አክስቴ።

መሐንዲሱ ባሏ ነው። ሰፈሩ ሁሉ የሚጠራው በዚህ ስም ነበር፤ የወጣለት በአሽሙር እንደሆነ ግን ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። አንድ ጊዜ የጎረቤት ራዲዮ በቢላ ጠግኖ፣ ራዲዮው አንድ ቀን ሙሉ ሲለፈልፍ ውሎ እስከ ወዲያኛው ዝም አለ ይባላል። ለእኔ ግን በዚያ ግቢ የሚስቅ ሰው እሱ ብቻ ነበር። ከኪሱ ከረሜላ አይጠፋም። ያፏጫል። አክስቴ ስትጮህ ከኋላዋ ሆኖ አፉን እንደሷ ያንቀሳቅስና ያስቀኛል። ሲያልፍ ደግሞ ጸጉሬን ያበላሻል። አባቴ ቢኖር እንደሱ በሆነ እያልኩ አስብ ነበር፤ አሁን ስጽፈው ምላሴን ይመረኛል።

መጣ፤ ካቻቢቴውንና ፒንሳውን ዘረገፈ፣ የማድረቂያውን የጀርባ ቆርቆሮ ፈታ፣ እየተነፈሰ ውስጡን ነካካ። ሲጨርስ ወደ መተላለፊያው ወጣና ከቆጣሪው ሥር ያለውን የፊውዝ ሣጥን ከፍቶ ጥቂት ቆየ። ተመልሶ ቁልፉን ሲጫን ማድረቂያው ሞቀ።

«በል እንግዲህ!» አልኩ፣ እጄን አጨብጭቤ።

እናቴ አላጨበጨበችም። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ ጋሼ» አለችና ፊቷን ወደ ካውያው መለሰች። ምን ዓይነት ሴት ናት፣ ሰው እንዲህ ደክሞላት ዞር ብላ አታይም አልኩ በሆዴ።

ማድረቂያው ግን ብዙም ሳይቆይ እንደገና ቀዘቀዘ። ከዚያ እንደገና። ሁልጊዜም የሚቀዘቅዘው አክስቴ አንሶላ ልታደርስ በወጣችበት ቀን መሆኑን ልብ አልኩ። የግቢው በር ከኋላዋ ሲዘጋ ከበሮው ውስጥ ያለው ሙቀት አብሯት የወጣ ይመስል ነበር። አሰብኩ አሰብኩና ማድረቂያው እንደኛው ይፈራታል ብዬ ደመደምኩ። ቆማበት ሳለች ፈርቶ ይሞቃል፣ እግሯ ሲወጣ ይለግማል። ለእናቴ ይህንን ግኝቴን ስነግራት አንድ ጊዜ ብቻ አየችኝና «ውጪ ተጫወቺ» አለችኝ።

መሐንዲሱ በመጣ ቁጥር እንደዚሁ ነበር። «ውጪ ተጫወቺ። ሂጂ፣ ሂጂ።» እሱ ደግሞ፣ «ተያት እንጂ፣ ምን አደረገች?» ይላታል። ከሁለቱ ማን እንደሚወደኝ ለመለየት ብዙ ማሰብ አላስፈለገኝም።

ከደጃፉ ሆኜ የምሰማው ይህን ነበር፦

«ነይ እስኪ፣ እጅሽን እዚህ ጋ አድርጊ። ሙቀት ይሰማሻል?»

«እጄ ሥራ ላይ ነው ጋሼ።»

«አንቺ ሁልጊዜ ሥራ ላይ ነሽ። ያንን ካውያ ለደቂቃ አስቀምጪው።»

«አይቻልም። ይበርዳል።»

እውነትም እሱ ባለበት እናቴ ካውያውን አታስቀምጥም ነበር። የሚተኮስ ባይኖርም እንኳ ይዛው ትቆማለች። ለሥራ ያላትን ጉጉት ለማሳየት መስሎኝ አክስቴ ይህንን ብታይላት ብዬ አዝን ነበር።

አንድ ቀን ከጣሪያው ክፈፍ ሥር የልብስ መቆንጠጫ በሰልፍ እየደረደርኩ ሳለ ከውስጥ እናቴ ጮኸች። ቃል አልነበረውም፤ ጩኸት ብቻ ነው። አንድ ከባድ ነገር ሲሚንቶው ላይ ወደቀ። የጎረቤታችን ሴትዮ ወዲያው በድንጋይ ላይ ቆማ ከአጥሩ በላይ አንገቷን አሰገገች።

«ምንድነው? ማን ነው የጮኸው?»

መሐንዲሱ ቀኝ እጁን እያራገፈ ወጣ። ፊቱ ቀልቷል፣ እየሳቀ ግን ነበር። «ምንም አይደል እመቤት፣ ከረንት ነካ አደረጋት። ይሄ የተረገመ ማሽን እኔንም አቃጥሎኛል።»

ሮጬ እጁን አየሁት። በእጁ ጀርባ ላይ ወደ ጣቶቹ የሾለ ቀይ ምልክት ነበረበት፤ ቆዳው ከዳርና ከዳር መነሣት ጀምሯል።

«ሞቀ ማለት ነው!» አልኩ በደስታ። «ማድረቂያው ሞቀ!»

ጎረቤቲቱ እኔን አየችኝ፣ እሱን አየችው፣ ወደ ማጠቢያው ክፍል በር ደግሞ ብዙ አየች። ከዚያ ከድንጋዩ ወረደች። ማታ አክስቴ የባሏን እጅ ቅባት ስትቀባ አንዲት ቃል አልወጣትም። አክስቴ ዝም ያለችበት ሌላ ቀን አላስታውስም።

ሙቀት የሌለው ማድረቂያ ሰው አያቃጥልም። ይህች ቀላል ነገር እስክትገባኝ ስንት ክረምት አለፈ። ሾል ያለው ምልክት የምን አፍ እንደሆነም ለመገንዘብ ካውያ ይዤ ከጠዋት እስከ ማታ መቆም ነበረብኝ።

አክስቴ ቀጥሎ አንሶላ ልታደርስ በምትወጣበት ዕለት፣ ከመውጣቷ በፊት ጆሮዬን ይዛ ወደ ማጠቢያው ክፍል ጎተተችኝና በተገለበጠ የሳሙና ባልዲ ላይ አስቀመጠችኝ። የትራስ ልብስ ክምር ከፊቴ ጣለች።

«ከዛሬ ጀምሮ እኔ በወጣሁ ቁጥር እዚህ ተቀምጠሽ ይህንን ታጥፊያለሽ። ሳልመለስ ብትነሺ እግርሽን ነው የምሰብረው።»

እናቴ ካውያውን አስቀምጣ መጣች። «እትዬ፣ እባክዎን። ልጅ ናት፣ እንፋሎቱ ያፍናታል። ውጪ ትጫወት።»

«ቤቴ የሚኖር ሁሉ ይሠራል።»

«እኔ ሌሊት ተነሥቼ አጥፈዋለሁ። የሷንም ሥራ እኔ እሠራለሁ። እትዬ፣ በሞተው ወንድምዎ ይዤዎታለሁ፣ እሷን ከዚህ ያውጡልኝ።»

እናቴ እንዲህ ስትለማመጥ አይቻት አላውቅም። አክስቴ ግን ነጠላ ጫማዋን እየቀየረች ነበር።

«አንቺም ልጅሽ ፊት ነሽና ሥራሽን በጨዋ ደንብ ሥሪ» አለቻትና ወጣች።

በዚያ ባልዲ ላይ ተቀምጬ ሁለቱንም ጠላሁ። አክስቴን ስለቀጣችኝ፣ እናቴን አጠገቧ እንዳልሆን ስለለመነች።

መሐንዲሱ ሲመጣ በሩ ላይ ቆም ብሎ አየኝና ሳቀ። «አሃ፣ ጠባቂ ተመድቦብናል!» አለ። ያን ዕለት ማሽኑን ብቻ ነካክቶ ሄደ። ይህንን ነው እኔ አድጌ እንደ ማስረጃ የያዝኩት። አየሽ፣ እል ነበር ለራሴ፣ አክስትሽ ጨካኝ መስላ እናትሽን በአንቺ ስታስጠብቃት ነበር። ክንፉን የሰጠኋት በዚህች ቀን ነው። ከዚህች ቀን በኋላ የነበሩትን ቀኖች ግን መቁጠር አልፈለግሁም።

በኋላ በኋላማ መሐንዲሱ ለመደኝ። ባልዲዬን ወደ ማድረቂያው አዞረና ፊቴን ከመስተዋቱ አፋጠጠው። «ቀዩዋን ፎጣ አየሻት? ስንት ጊዜ እንደምትገለበጥ ቁጠሪልኝ። ዐይንሽን ካነሣሽ ሥራው ይበላሻል፣ ከመጀመሪያው ነው የምንጀምረው።» ከዚያም ከኮቱ ኪስ አንድ ነጭ የሸክላ ነገር አውጥቶ መዳፌ ላይ አኖረልኝ። አንድ ጫፉ ጥምዝ አለው፣ ለስላሳና ቀዝቃዛ ነው። «ይህ የማሽኑ ልብ ነው። እስክጠግነው ያዢልኝ። የኔና የአንቺ ምስጢር ነው፣ እሺ?»

በዓለም ላይ እንደኔ የታመነ ሰው አልነበረም። ልቡን በግራ እጄ ጨብጬ፣ ቀዩዋን ፎጣ በዐይኔ ተከትዬ እቆጥራለሁ። ከኋላዬ የጫማ መንሸራተት እሰማለሁ። የጠረጴዛው እግር ሲሚንቶውን ሲፍቅ እሰማለሁ። የእናቴን ድምፅም እሰማለሁ፣ ዝቅ ብሎ፣ እየደጋገመ፦ «ልጄ አለች። ልጄ አለች።»

ስለኔ የምታወራ መስሎኝ ደስ ይለኝ ነበር።

አንዳንዴ ቁጥሩ ሲጠፋብኝ ዞር እላለሁ። መሐንዲሱ ከእናቴ ኋላ ቆሞ ይሆናል፣ ወይም ክንዷን ይዞ። እናቴ ግን ወዲያው ፈገግ ትልልኛለች። በዚያ ቤት ፈገግ ብላ የማታውቅ ሴት፣ ጥርሷ እስኪታይ። እሰይ ታረቁ እያልኩ ወደ ፎጣዬ እመለስ ነበር። ከዚያ መሐንዲሱ ልቡን ከመዳፌ ወስዶ ወደ መተላለፊያው ይወጣል፤ ሣጥኑ ሲዘጋ ይሰማል፤ ማድረቂያው ይሞቃል።

እንዲህ እንዲህ ስንል እንግዳ ማረፊያው አንድ ጠዋት ፎጣዎቹን ሁሉ በጆንያ አስጭኖ መለሰ። እርጥብ ናቸው፣ ይሸታሉ፣ ዳግም እንዲህ ካመጣችሁ ሌላ ሰው እንፈልጋለን ብለው ላኩ። አክስቴ ጆንያውን መተላለፊያው ላይ ዘረገፈችው። እናቴን ሰደበች፣ ዝናቡን ሰደበች፣ ባሏን አልሰደበችም፤ እሱ ከጠዋት ወጥቶ ነበር። ከዚያ ዣንጥላዋን ይዛ ወጣችና የማሽን ጠጋኝ ይዛ ተመለሰች።

ጠጋኙ ቁመቱ አጭር፣ ንዴቱ ረጅም ሰውዬ ነበር። ከበር ሲገባ ጀምሮ ያጉረመርማል። ጫማው ረጥቧል፣ ዕቃው ከብዶታል፣ የሳሙናው ሽታ አስነጥሶታል። ቆርቆሮውን ፈታ፣ የመለኪያውን ሽቦዎች እዚህም እዚያም አስነካ፣ ከበሮውን አዞረው። ከዚያ ቆርቆሮውን መልሶ መግጠም ጀመረ።

«ምን ሆኗል?» አለች አክስቴ።

«ምንም። ማሞቂያው ደህና ነው፣ ሽቦው ደህና ነው። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው የጠሩኝ። ሣጥኑ የታለ?»

ወደ መተላለፊያው ወጥቶ የፊውዝ ሣጥኑን ከፈተ። ጣቱን ወደ አንድ ጥቁር ቀዳዳ ቀሰረ።

«ይኸው። ከበሮው የራሱ ፊውዝ አለው፣ ማሞቂያው የራሱ። የማሞቂያው የለም።»

«ተቃጥሎ ነው?»

«ቢቃጠል ሬሳው እዚሁ ይገኝ ነበር። ይሄ በጥምዝ የሚገባ ነው፤ ሰው ካልፈታው ራሱን ፈትቶ አይሄድም። ነጭ ሸክላ ነው፣ አውራ ጣቴን የሚያክል። ማን ነው የፈታው?»

አክስቴ ወደ እናቴ ዞረች። እናቴ በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ እሷም ነገሩን ገና አሁን መስማቷ ከፊቷ ይታያል። እኔ ግን የታየኝ ሌላ ነው፦ አክስቴ ማሽኑን ሰበርሽ ልትላት ነው፣ ከቤትም ልታስወጣን ነው፣ መድኃኒቱን ደግሞ ከኔ በቀር የሚያውቅ የለም። ምስጢር መሆኑን አልረሳሁም። ግን ጋሼ እዚህ ቢኖር ራሱ ያወጣው ነበር አልኩ።

«እኔ አውቀዋለሁ!» ብዬ ሮጥኩ። የመሐንዲሱ ኮት እዚያው መተላለፊያው ላይ በምስማር ተሰቅሎ ነበር። ኪሱ ውስጥ እጄን ከትቼ ከከረሜላዎቹ መሐል ነጩን ሸክላ አወጣሁ። «ይኸው! የማሽኑ ልብ ነው። ጋሼ ሲጠግን እኔ ነኝ የምይዝለት። ሁልጊዜ ኪሱ ውስጥ ነው የሚያስቀምጠው።»

ጠጋኙ ከእጄ ወስዶ አየው፣ በቀዳዳው ከትቶ አጠበቀው። ከማጠቢያው ክፍል የከበሮው ድምፅ ይመጣል። ትንሽ ቆይቶ ያ ትኩስ የጨርቅ ሽታ እስከ መተላለፊያው ደረሰ፤ እኔም አንገቴን ቀና አድርጌ ምስጋናዬን ጠበቅሁ።

ያገኘሁት ጥፊ ነው። አክስቴ እጇ ከባድ ነበር፤ ግድግዳው ባይዘኝ ወድቄ ነበር።

«ልጄን እንዳይነኩ!»

የእናቴ ድምፅ መሆኑን ለማወቅ ጥቂት ጊዜ ፈጀብኝ። ስትጮህባት ሰምቻት አላውቅማ። በዚያው ቅጽበት የግቢው በር ተከፈተና መሐንዲሱ እያፏጨ ገባ። ሣጥኑን አየ፣ ጠጋኙን አየ፣ ፉጨቱ ተቋረጠ።

«ምን ሆናችሁ? ... ኧረ ያንን ፊውዝ አገኛችሁት? ይቺ ልጅ ናት እኮ የምትጫወትበት! ስንቴ ተይ ብያታለሁ።»

ጥፊው ያላስለቀሰኝን ያህል ይህ አስለቀሰኝ።

«ልጄ ናት?» አለች እናቴ። «ሣጥኑ ጋ ትደርሳለች? ደግሞ እጅህን አሳያት። ያንን ጠባሳ ለሚስትህ አሳያት! እትዬ፣ የማድረቂያ ነው ብሎዎታል አይደል? የካውያ አፍ አይተው አያውቁም?»

«ዝም በይ! ሰው ፊት!» አለች አክስቴ።

«ብዙ ዝም ብያለሁ።»

ጠጋኙ ዕቃውን ወደ ቦርሳው እየወረወረ ነበር። «እኔ የማሽን እንጂ የሰው ገመና ለማየት አልተጠራሁም» አለ። አክስቴ የድካሙን ሰጥታ ሸኘችው፤ በሩንም ከኋላው ቆለፈችው። ስትመለስ ባሏን አላየችውም። ሁለታችንን ብቻ አየች።

«ዕቃሽን ሰብስቢ» አለች።

«እኔ?» አለች እናቴ። «እኔ ነኝ የምወጣው?»

«ታዲያ ማን ሊወጣ ኖሯል? ቤቱ የኔ ነው። ባሉም የኔ ነው።»

«አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ» አለች እናቴ፣ ለራሷ ያህል።

ከዚያ ሁሉ ንግግር ለኔ የገባኝ አይጧ ብቻ ነበረች። ሁሉ ነገር በአይጥ የመጣ መስሎኝ በማድረቂያው ሥር አጎንብሼ ፈለግሁ።

ከቀትር በኋላ ጋሪ መጣ። ፍራሻችንንና ሁለት ፌስታል ልብስ ጫንን። አክስቴ በረንዳው ላይ ቆማ ስታይ ቆየችና ለባለጋሪው፣ «ማሽኑንም ጫንልኝ» አለችው። «ያንን ማድረቂያ። ይዛው ትሂድ። ዐይኔ እንዳያየው።» እናቴ ፍራሹን ገፋ አድርጋ ቦታ ለቀቀችለት። ላስቲክ አልብሰውት ከፍራሹ አጠገብ አሰሩት። እኔ በዝናቡ ውስጥ ከጋሪው ኋላ እየሄድኩ፣ ማሽኑም እንደኛ ያለ ጥፋቱ ተባረረ አልኩና አዘንኩለት። መሐንዲሱ ሊሰናበተኝ አልወጣም።

በዚያ ማድረቂያ ነው ያደግሁት። እናቴ አንዲት ክፍል ተከራይታ በሱ የሰው ልብስ ማድረቅ ጀመረች፤ ከሱ ሁለተኛ ተገዛ፣ ከሁለተኛው ዛሬ እኔ የምመራው ቤት ወጣ። ከእናቴ ጋር ስለዚያ ግቢ አውርተን አናውቅም። የመሐንዲሱን ነገር ራሴው ገጣጠምኩት፦ ፊውዝ ራሱን አይፈታም፣ የሚፈታው ደግሞ ማጠቢያው ክፍል ለመግባት ምክንያት የሚፈልግ ሰው ነው። እሱን ከጠላሁት በኋላ ለአክስቴ የነበረኝ ጥላቻ ባዶ እጁን ቀረ። እናቴ ብቻዋን እንዳትሆን ልጅ አስቀመጠችላት፤ ማስጣል ሲያቅታት በሰበብ አስወጣቻት፤ ባዶ እጇን እንዳትሄድም ማድረቂያ ሰጠቻት። ለሰው ሳወራው ዕንባ ይቀድመኝ ነበር።

ባለፈው ክረምት አክስቴ መጣች። መሐንዲሱ ከሞተ ሰንብቷል፣ እሷም ጉልበቷ ከድቷታል። ደንበኞች በሚቀመጡበት አግዳሚ ላይ አስቀምጬ ሻይ ሰጠኋት። ዙሪያዋን አይታ፣ «ልጄ፣ ከዚህ ከአንዱ ጥግ ብትጥዪኝ ለማን ይከብዳል?» አለችኝ። ለማንም አይከብድም አልኩ። በልቤ አልጋውን ሁሉ አንጥፌ ጨርሼ ነበር።

እናቴ ከኋላ ክፍል ሸሚዝ ትተኩሳለች። ተይ ብንላትም አትተውም።

«እትዬ መጥታለች» አልኳት።

«ሳሏን ሰምቻለሁ።»

«ከኛ ጋር ትሁን። ያኔ እኮ እሷ ባትኖር ... እኔን ያስቀመጠችኝ ለአንቺ ብላ ነው። እሱ እንዲፈራ። ማድረቂያውንም የሰጠችን ...»

«ማድረቂያውን የሰጠችኝ እንዳላወራ ነው» አለች እናቴ። ካውያውን አላቆመችም። «አንቺን የማበላሽ ስላልነበረኝ ተቀበልኩ። አላወራሁም። በዚያ አላፍርም።»

«እኔንስ?»

የሸሚዙን ኮሌታ ተኩሳ እስክትጨርስ ጠበቅሁ።

«አንቺ ከመቀመጥሽ በፊት እጮህ ነበር» አለች። «ያን ቀን ጮህኩ፣ አቃጠልኩት፣ ጎረቤት አጥር ላይ ወጣ። ሁለተኛ ብጮህ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማ ነበር። እሱም ያውቀዋል፣ እሷም ታውቀዋለች። አንቺ ከተቀመጥሽ በኋላ ግን አልጮህኩም። እንዴት ልጩህ? ካውያውንስ እንዴት ልሰንዝር? ዞረሽ ታዪኛለሽ። ዞር ባልሽ ቁጥር እስቅልሽ ነበር።»

«አስታውሳለሁ።»

«አንቺን ያስቀመጠችሽ እሱን እንድታስፈሪው አይደለም። እኔን ዝም እንድታሰኚላት ነው።»

እውነቱን ልናገር፣ አላመንኳትም። ቂም ነው አልኩ። ይህን ሁሉ ዓመት በሆዷ ይዛው ነገሩን አክፍታዋለች አልኩ። ወደ ፊት ክፍል ተመለስኩ። አክስቴ በሁለት እጇ ብርጭቆውን አቅፋ ሻይዋን እፍ እፍ ትላለች፤ አርጅታለች፣ አነስ ብላለች፣ ምንም ክፋት አይታይባትም። አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«እትዬ፣ ያኔ ማጠቢያው ክፍል ባልዲ ላይ ያስቀመጡኝ ለምን ነበር?»

አልደነገጠችም። አንሶላ እንዴት እንደሚታጠፍ የጠየቅኋት ያህል ረጋ ብላ አሰበች።

«ጎረቤቷ አጥር ላይ ወጥታ እኮ ነበር፣ አንቺ ልጅ ሆነሽ አታስታውሺም። ስማችን ሊጠፋ ነው። እሱን ብነግረው አይሰማኝ፣ ባል ነው፣ ምን አደርገዋለሁ?» ሻይዋን ፉት አለች። «ልጅ ባለበት ማን ይጮሃል? ደግሞም አልጮኸችም።»

ብርጭቆውን ከእጇ ተቀበልኳት። ከዚያ ዣንጥላዋን ከጥግ አንሥቼ ሰጠኋት።